በሁለት ገና መሀል ያለች ዶሮ

የቻይና የገና መብራት ማብራቱን ይቅር እለዋለሁ፤ መዝፈኑን ነው ያልቻልኩት።

ታኅሣሥ ሲገባ ዲላ አስፋልቱ ዳር ያሉ ካፌዎች በራቸው ላይ የፕላስቲክ ጥድ ያቆማሉ። ጥዱ ላይ ቀይና አረንጓዴ አምፖል ይጠመጠማል፤ ከገመዱ ጫፍ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሣጥን ትንጠለጠላለች። ጠላቴ እሷ ናት። ካርቶኑ ላይ ስምንት ዜማ እንዳላት ተጽፏል፤ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ የሰማ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ከጧት ማኪያቶ እስከ ማታ ሒሳብ መዝጊያ ያው ጂንግል ቤልስ ነው፤ ጆሮ ውስጥ ገብታ መውጫው በጠፋት ትንኝ ድምፅ።

"እናቴ፣ ይቺን ነገር ዝም አታሰኚልኝም?" አልኳት አስተናጋጇን።

"አይሆንም ጋሼ፤ ድምፁ ሲጠፋ መብራቱም ይጠፋል። አንድ ላይ ነው የተሠሩት።"

እንግዲህ የቀረኝ ተስፋ የመብራት መሄድ ነው። ይህ ተስፋ ደግሞ፣ ምስጋና ይግባውና፣ ብዙ ጊዜ አያሳፍርም።

ያን ያህል ከሰማኋት ምን እንደምትል ማወቅ መብቴ ነው ብዬ አጣራሁ። ጄምስ ፒርፖንት የሚባል አሜሪካዊ በ1857 ያሳተመው ዘፈን ነው። (የፈረንጁ ነገር በፈረንጅ ዓመት፣ የእኛው በእኛ ዓመት ይቆጠርልኝ፤ አለዚያ ወጉ ሳያልቅ እንጣላለን።) ልደት የለበትም፣ ቤተልሔም የለበትም፣ እረኛ የለበትም፤ ገና የሚል ቃል እንኳ የለበትም። ወጣቶች ጎማ የሌለው ጋሪ ላይ ተሳፍረው፣ ፈረሱ ቃጭል አንጠልጥሎ፣ በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ነው ነገሩ። የሻሸመኔ ባለጋሪ ቢሰማው "ታዲያ ይሄ ምኑ ይዘፈናል? ሥራዬ አይደለም እንዴ!" ይል ነበር።

በረዶውስ ከየት ይምጣ? ታኅሣሥ ላይ የዲላ ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ ቀትር ላይ ጃኬቱን ክንዱ ላይ ያላንጠለጠለ ሰው የለም። በረዶ ቢመጣም ገበሬው እጁን ዘርግቶ አይቀበለውም፤ ቡናውን የሚያረግፍበት እሱ ነው። ካፌዎቹ ግን መላ አላጡም። ከፋርማሲ ጥጥ ገዝተው ጥዱ ላይ በተን በተን ያደርጋሉ። ወደ ሞያሌ የሚያልፈው የጭነት መኪና ሁሉ አቧራውን እያራገፈበት ስለሚሄድ፣ የእኛ ገና እስኪደርስ ጥጡ መልኩን ይለውጣል። ፈረንጆቹ ነጭ ገና ይመኛሉ፤ እኛ ቡናማውን አግኝተናል።

አንድ ሆቴል ደግሞ የገና አባት ቀጥሮ ነበር። በቀን ሒሳብ። ልጁ ቀጭን፣ ጢሙ ገና ያልበቀለ፣ ሌላ ሁለት ሰው በሚይዝ ቀይ ካፖርት ውስጥ የገባ። ሆዱ ላይ ትራስ አሥረውለታል። ሰባት ሰዓት ሲሆን ትራሱ በላብ ርሶ ወደ ጉልበቱ ወረደ። አንዲት ሕፃን ጠጋ ብላ "ጋሼ፣ ስጦታዬ የታለ?" ብትለው፣ የጥጥ ጢሙን ገለጥ አድርጎ "የኔ እህት፣ እኔም የራሴን እየጠበቅሁ ነው፤ ማታ እንሰጥሃለን ብለውኛል" አላት። ከዚያ ካፖርቱን አልፎ የሱሪውን ኪስ ሲዳብስ ቆይቶ አንዲት ከረሜላ አወጣላት። ያቺ ከረሜላ የሆቴሉ አልነበረችም።

የማውቃቸው ጡረተኛ መምህር በዚያ ጥድ በኩል ባለፉ ቁጥር "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይላሉ፤ ጥዱ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። አባባሉን እወደዋለሁ፤ ችግሩ አሜሪካኖቹም የለበሱት የሰው ወርቅ መሆኑ ነው። ጥዱ የጀርመን ነው። በ1848 አንድ የለንደን ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያ ከባልዋና ከልጆቿ ጋር በጥድ ዙሪያ ቆማ የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የአሜሪካ የሴቶች መጽሔት ያንኑ ሥዕል ወሰደና የንግሥቲቱን ዘውድ ፋቀ፣ የባሏን ጢም ላጨ፤ በቃ፣ አሜሪካዊ ቤተሰብ ሆኑ። ፎቶ ቤት የሠራ ሁሉ ይህን ጥበብ ያውቀዋል።

የገና አባትማ ጉዞው ረጅም ነው። መነሻው ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር የሜራ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። የሆላንድ ሰዎች ወደ ኒውዮርክ ይዘውት እንደሄዱ ይነገራል። በ1823 አንድ ግጥም ስምንት አጋዘን ሰጠው። ከ1863 ጀምሮ ቶማስ ናስት የተባለ ካርቱኒስት ሆዱንና ጢሙን እየሣለ አሳየ። በ1931 ኮካ ኮላ ሃደን ሰንድብሎም የሚባል ሠዓሊ ቀጥሮ አሁን የምናውቀውን ቀይ ጉንጭና ሣቅ አሣለው። ጳጳስ ሆኖ የተነሣ ሰው የለስላሳ ማስታወቂያ ሆኖ አረፈ።

የጠላቴንም አያት አገኘኋቸው። ኤድዋርድ ጆንሰን ይባላሉ፣ የኤዲሰን የሥራ ባልደረባ፤ በ1882 ኒውዮርክ ቤታቸው ውስጥ ጥድ ላይ 80 አምፖል ጠምጥመው አበሩ። የእሳቸው አይዘፍንም ነበር። ሰው ጥሩ ነገር ሲጀምር የልጅ ልጁ ምን እንደሚያደርገው አያውቅም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የቦስተን ጉዳይ ነው። በ1659 የማሳቹሴትስ ሰዎች፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሌለ በዓል ነው ብለው፣ ገናን ያከበረ አምስት ሽልንግ እንዲቀጣ ሕግ አወጡ። ሕጉ እስከ 1681 ጸና። ያኔ ላሊበላ ላይ ገና ሲከበር ስንት ትውልድ አልፏል! በአሜሪካ ገና በፌዴራል መንግሥት ደረጃ የሥራ መዝጊያ ቀን የሆነው ራሱ በ1870 ነው። አሁን የተቀጣው ልጅ የክፍል አለቃ ሆኖ መጣና፣ እኛ ጥጥ እንበትናለን።

የአሜሪካኖቹ ልጆች በዋዜማው ለገና አባት ወተትና ብስኩት አስቀምጠው ይተኛሉ። እንዲያውም በ1955 ኮሎራዶ ውስጥ አንድ መደብር "ለገና አባት ደውሉ" ብሎ ማስታወቂያ ሲያወጣ ስልኩ ተሳስቶ ወደ አየር መከላከያ እዝ እንደገባ ይተርካሉ። ተረኛው ኮሎኔል ሃሪ ሹፕ ሩሲያ መጣች ብለው ቢያነሡት ሕፃን ልጅ ናት። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ራዳር በየዓመቱ የገና አባት የት እንደደረሰ ለልጆች ይናገራል። ይህን የመሰለ የመንግሥት ሥራ አደንቃለሁ። የሚያሳስበኝ ዲላ ሲደርስ ነው። የእነሱ ዋዜማ በእኛ ታኅሣሥ 15 ነው፤ ጾመ ነቢያት አልተፈታም፤ በኦርቶዶክስ ቤት ወተት የሚባል ነገር የለም። የሚጠብቀው የሱፍ ውኃና ዳቦ ነው። ማጉረምረም ደግሞ አይችልም፤ ጳጳስ ነው፣ ከሁላችን በፊት መጾም ያለበት እሱ ነው።

ይህን ስል ዲላ የፈረንጅን ገና በፕላስቲክ ጥድ ያወቀች እንዳይመስል። ሚስዮናውያን ከ1940ዎቹ ጀምሮ በዚህ አካባቢ ኖረዋል፤ ዛሬ ጌዴኦ ውስጥ አብዛኛው ሰው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመን ነው። ሆኖም መዝሙሩም፣ የልጆቹ ድራማም፣ ቅርጫውም ታኅሣሥ 29 ነው። መጽሐፉን ተቀብለን ቀኑን የራሳችን አደረግን። ድራማው ላይ አንድ ጊዜ ከሰብአ ሰገል አንዱ፣ ከርቤ የሚባል ነገር ቢፈለግ ስላልተገኘ፣ በትንሽ ጆንያ ቡና ይዞ ለሕፃኑ አቀረበ። ማንም አልሳቀም። ከኋላዬ የተቀመጡ አዛውንት ብቻ "የታጠበ ነው ያልታጠበ?" ብለው ጠየቁ።

ታኅሣሥ እዚህ የቡና ወር ነው። በየጓሮው፣ ከእንሰቱ መሀልና ከዋርካው ሥር፣ እሸት ቡና ቀልቶ ቅጠሉ መሀል ተንጠልጥሏል። የመፈልፈያው ጣቢያ ሌሊትም አይተኛም፤ የማድረቂያው አልጋ ላይ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ጎረቤቴ ቡና አቅራቢ ነው። ሚስቱ ጥድ ግዛልን ብትለው ጓሮውን በእጁ አሳይቶ "ቀይም አለ፣ አረንጓዴም አለ፣ ይሸጣልም። የአንቺ ጥድ ምን ያፈራል?" አላት። ይህን ባለ ማግሥት ግን ሁለት ሜትር ጥድ ባጃጅ ላይ አስጭኖ ሲገባ አይቼዋለሁ። ልጆቹ ፊት ነው የተሸነፈው።

ስታርባክስ የሚባለው የሲያትል ቡና ቤት ከ1999 ጀምሮ በገና ሰሞን ቡናውን በቀይ ኩባያ ይሸጣል። ይኸው ኩባንያ፣ የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ስም የማን ይሁን በሚል ከኢትዮጵያ ጋር ተካሮ በፈረንጁ 2007 መስማማቱን እዚህ የቡና ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ይርጋጨፌ ከዲላ ባጃጅ ባይወስድም ሚኒባስ ቶሎ ያደርሳል። ቀይዋ ፍሬ ከዚያ ትሄዳለች፤ ቀይ ኩባያው ደግሞ ፎቶ ሆኖ በቴሌግራም ይመለሳል። ፎቶውን ያየ የዲላ ጎረምሳ "ወይ ኑሮ!" ይላል፣ ጀበና ፊቱ ተጥዶ።

ቅጠሉ የሚቀላው ተክልም እንዲሁ ነው። በ1820ዎቹ በሜክሲኮ የአሜሪካ ልዑክ የነበረው ፖይንሴት ወደ አገሩ ወስዶት ስሙ ፖይንሴቲያ ተባለ፤ አሁን ገና ሲደርስ በየቤታቸው በማሰሮ ይቆማል። እዚህ አጥር ሆኖ ጣራ ያልፋል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ቆቃ ካሉት የአበባ እርሻዎች ቁራጩ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ያለው ግን የፕላስቲክ ነው። ከአጥሩ ይለቀም ብል "ይጠወልጋል ጋሼ" አሉኝ።

የአክስቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። እዚያ ያለ ሐበሻ ሁለት ገና አለው፤ ይህም ዕዳ የሚመስላችሁ ካላችሁ የአክስቴን ልጅ አታውቁትም። በዲሴምበር 25 ለልጆቹ "የእኛ ገና ገና ነው" ይላቸዋል። በማግሥቱ ሱቁ ሁሉ የተረፈውን በግማሽ ዋጋ ሲያወጣ ሄዶ ይሸምታል፤ ከዚያ ጃንዋሪ 7 በክብር ያድላል። ባህልም ጠበቀ፣ ብርም ጠበቀ። ልጁ ማንበብ የጀመረች ጊዜ ነው የተነቃበት፤ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን አይታ "አባዬ፣ የኢትዮጵያ ገና ሁሌ በቅናሽ ነው?" አለችው።

ባለፈው ለእናቱ ሹራብ ላከ። ደረቱ ላይ አጋዘን፣ የአጋዘኑ አፍንጫ ላይ ቀይ ጥጥ። ይህ ሹራብ እዚያ የሚለበሰው ለመሳቂያ ነው፤ መሥሪያ ቤቶች በጣም አስቀያሚውን ለለበሰ ይሸልማሉ። አክስቴ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለብሳው ትሄዳለች፤ በነጠላዋ ላይ የአጋዘኑ አፍንጫ ብቅ ይላል። ሁሉም ያመሰግናታል። እውነቱን የሚነግራት ጀግና አልተወለደም።

ከሹራቡ ጋር ግን ወረቀት ነበር።

"ይሄ ምንድነው?" አለችኝ።

"ደረሰኝ ነው፤ ዋጋው አልተጻፈበትም። ካልወደድሽው መልሰሽ ሌላ ትወስጂበታለሽ።"

"ልጄ የሰጠኝን? ለማን ነው የምመልሰው?"

"ለሱቁ።"

"ሱቁ ምን አገባው? ሲሰጠኝ መመለሻውን አብሮ ከላከ፣ አልሰጠኝም ማለት አይደል?"

መልስ አልነበረኝም። ደረሰኙን ከመታወቂያዋ ጋር አጥፋ አስቀመጠችው። ሹራቡ ደግሞ ይጠባታል፤ ይህን ግን ለልጇ እንዳልናገር አስምላኛለች።

እኔም ከዚያ ወዲህ አክስቴን ይዣለሁ። የእኛ በዓል ሰውን ከሰው ጋር የሚያስረው በሚመለስ ነገር አይደለም። ቅርጫን ውሰዱ። አሥር ሰው በሬ ይገዛል፤ ያልከፈለ አለ፣ "ነገ" ያለ አለ፤ መደቡ ሲመደብ አንዱ ምላሱ ላይ ዓይኑን ይጥላል፣ አንዱ ሻኛው አነሰ ይላል፤ ዕጣ ይወጣል፤ ጨጓራው የደረሰው ሰው እስከ ጥምቀት ያኮርፋል። ያኮረፈው ሰው ግን በሚቀጥለው ዓመት ከሁሉ ቀድሞ ይመዘገባል፤ የሚመለስ ጨጓራ የለማ።

አሜሪካኖቹም ዕጣ አላቸው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሁሉም ስም በወረቀት ይጻፋል፤ የደረሰህን ሰው ሳትናገር ስጦታ ትገዛለታለህ። ይህን ልማድ እዚህ ወዳለ አንድ የፕሮጀክት ቢሮ ያመጣው አሜሪካ ስድስት ወር ሠልጥኖ የተመለሰ ወጣት ነው። ጡረተኛው መምህር ሲሰሙ "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" አሉ። ዶሮ እንዳለበት ያኔ አልነገርኳቸውም ነበር።

ጣሪያው 500 ብር ተባለ። ስሙ በምስጢር ወጣ። ምስጢሩ እስከ ቡና ሰዓት ቆየ፤ ዲላ ውስጥ ይህ ረጅም ነው። ሒሳብ ሹሙ "ደረሰኝ የሌለው ስጦታ አላውቅም" ብሎ ለእያንዳንዱ ቅጽ አዘጋጀ። ለሾፌሩ የደረሱት የመዝገብ ቤቷ እትዬ ናቸው። ወጣቱ ሻማ ወይም ኩባያ ግዛ ብሎት ነበር፤ እሱ ገበያ ሄዶ አንዲት ቄብ ገዛ፣ ካርቶን በሳሳ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቀለለ፣ ሪባን አሠረ። ታኅሣሥ 16 ሁሉም በክብ ተቀምጦ ወጣቱ ስለ ምስጢራዊ ስጦታ ትርጉም እየተናገረ ሳለ፣ ስጦታው ውስጥ ሆኖ ጮኸ።

"አንተ ልጅ፣ በጾም ዶሮ?" አሉ እትዬ፤ ከማን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደከሙም።

"ለገና ትደርሳለች እትዬ። አሥራ ሦስት ቀን ነው የቀረው። እርስዎ ደግሞ ወጥ ላይ እጅዎ…"

ሾፌሩ ላጤ ነው። ስጦታው ከነአንድ ወንበሩ እንደሆነ ሁሉም ገባው።

ዶሮዋ ግን አልተስማማችም። በሁለቱ ገና መሀል፣ ሾፌሩ ጧት ጧት መዝገብ ቤት እየገባ "እንዴት ነች? ወፈረች?" ሲል፣ እሷ መጣል ጀመረች። ዋዜማው ላይ እትዬ ቢላዋውንም አዩት፣ እንቁላሉንም አዩት። የምትጥል ዶሮ ማን ያርዳል! ሾፌሩ ገናን የዋለው እሳቸው ቤት ነው፤ የቅርጫ ሥጋ አበሉት፣ ከዓይኑ ፊት ዶሮዋ ጓሮ ለጓሮ እየተንጎማለለች። ከጎረቤት አውራ ዶሮ ጋር።

ጥር ላይ ደራሮ መጣ፤ የጌዴኦ የምስጋናና የዘመን መለወጫ በዓል። አሜሪካኖቹ መጀመሪያ ያመሰግኑና ከዚያ ወደ ገና ይሄዳሉ፤ እዚህ ገናው አልፎ ነው፣ ቡናው ሲሰበሰብ፣ የሚመሰገነው። የእኛው ሳይሻል አልቀረም ብሎ ሾፌሩ ተከራከረ፤ እሱ ወጡን ሳይበላ አስቀድሞ ነበር ያመሰገነው፣ አሁን ግን ዶሮዋ ታቅፋለች።

የካቲት ላይ ስምንት ጫጩት ተፈለፈለ። ወሬው መዝገብ ቤት ሳይደርስ ጋራዥ ደረሰ። ሾፌሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባና፣

"እትዬ፣ ከስምንቱ አንድ እንኳ ለእኔ አይገባኝም?" አላቸው።

እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ቀና አሉ።

"ደረሰኝ አለህ?"